ታሊየም፣ ሴሪየም ወይስ ዩሮፒየም? ለሲንቲሌተር ክሪስታል ዶፓንት ስንመርጥ

ሁለት የሲዚየም አዮዳይድ ክሪስታሎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። ሁለቱም እንደ መስታወት ጥርት ያሉ ናቸው። በዓይን አይለዩም። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ነው። በአንደኛው ውስጥ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ታሊየም ገብቶበታል። እንዲህ ሆን ተብሎ በጥቂቱ የሚጨመር ባዕድ ንጥረ ነገር ዶፓንት ይባላል።

አሁን ሁለቱንም ጋማ ጨረር እናስመታቸው። ንጹሁ ክሪስታል ለእያንዳንዱ 1 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት 2,000 ገደማ ፎቶኖች ይሰጣል። ብርሃኑ 315 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ማለት ነው። በ16 ናኖሰከንድ ገደማ ይከስማል። ታሊየም የገባበት ግን ከ50,000 በላይ ፎቶኖች ያወጣል። ቀለሙ ወደ 550 ናኖሜትር ይሄዳል፤ ቢጫ የቀላቀለ አረንጓዴ ይሆናል። ፍጥነቱ ግን ይወድቃል። ብልጭታው ለመክሰም 1 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል።

የትኛው ይሻላል? ብዙ ሰው "ሃምሳ ሺህ የሚሰጠው ነዋ!" ይላል። ባባርና ቤል የተባሉት ትልልቅ የፊዚክስ ሙከራዎችም ታሊየም ያለበትን መርጠዋል። በአሜሪካው የፊዚክስ ቤተ ሙከራ በፌርሚላብ የተካሄደው የኬቴቭ ሙከራ ግን 3,100 ንጹህ የሲዚየም አዮዳይድ ክሪስታሎችን ደርድሯል። ቅንጣቶቹ ይጎርፉበት ስለነበር ያስፈለገው ፍጥነት ነው። ሃያ አምስት እጥፍ ብርሃን አውቆ ትቷል።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው። እንዲህ ጨረር ሲመታው የሚያበራ ክሪስታል፣ ማለትም ሲንቲሌተር፣ ለመግዛት ወይም ለማሳደግ የሚያስቡ ሰዎች ዳታሺቱን ሲከፍቱ ዓይናቸው ቀድሞ የሚያርፈው የፎቶን ቁጥሩ ላይ ነው። እኔ ያንን ዓምድ መጨረሻ ላይ እዩት እላለሁ። ዶፓንት ሲቀየር የብርሃኑ መጠን፣ ቀለሙ፣ ፍጥነቱና ከብልጭታው በኋላ የሚንጠባጠበው ቅሪት ብርሃን አብረው ይቀየራሉ። አንዱን ብቻ ነጥሎ መግዛት አይቻልም።

ዶፓንቱ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?

ሲንቲሌተር ማለት የጨረርን ጉልበት ተቀብሎ ወደ ብልጭታ የሚቀይር ቁስ ነው። ነገሩ የሚሆነው በሦስት እርምጃ ነው።

መጀመሪያ ጨረሩ ክሪስታሉ ውስጥ ጉልበቱን ይጥላል። በዚያ ጉልበት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይፈናቀላሉ፤ የነበሩበት ቦታም ክፍት ይሆናል። አንድ ኤሌክትሮንና አንድ ክፍት ቦታ ጥንድ ይሆናሉ። አንድ ጥንድ ለመፍጠር የሚያስፈልገው ጉልበት የክሪስታሉን ባንድ ጋፕ (ኤሌክትሮን ከታሰረበት ደረጃ በነጻነት ወደሚንቀሳቀስበት ደረጃ ለመዝለል የሚያስፈልገውን ትንሹን ጉልበት) ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያህላል። ሁለተኛው እርምጃ ጉዞ ነው። ጥንዶቹ ብርሃን ወደሚሰጥ ማዕከል እስኪደርሱ ክሪስታሉ ውስጥ ይንከራተታሉ። ሦስተኛው ያ ማዕከል ጉልበቱን ተቀብሎ ፎቶን መልቀቁ ነው።

ሶዲየም አዮዳይድን እንውሰድ። ባንድ ጋፑ 5.9 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። በሁለት ተኩል እጥፍ ብናሰላ 1 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ወደ 68,000 ጥንዶች ይፈጥራል። ታሊየም ያለበት ሶዲየም አዮዳይድ የሚሰጠው ግን 38,000 ገደማ ፎቶኖች ነው። ቀሪው በጉዞና በመልቀቅ ላይ ባክኗል። ብክነቱ እዚያ ስለሆነ ዶፓንትም ለውጥ የሚያመጣው በእነዚህ በሁለቱ እርምጃዎች ላይ ነው። የጥንዶቹን ቁጥር የሚወስነው እናት ክሪስታሉ፣ ማለትም ዶፓንቱን የሚቀበለው ክሪስታል ነው። ዶፓንቱ የተፈጠረውን ጉልበት ከብክነት ያድናል።

እንዴት ያድናል? የታሊየም አቶም ኤሌክትሮኑንም ክፍት ቦታውንም ወደ ራሱ ይስባል። ሁለቱ እዚያ ሲገናኙ ታሊየሙ ይነቃና ፎቶን ይለቃል። የዚህ ፎቶን ጉልበት ከባንድ ጋፑ ያንሳል። ስለዚህ ክሪስታሉ መልሶ አይውጠውም፤ እስከ ዳር ድረስ ያሳልፈዋል። ንጹህ ሶዲየም አዮዳይድ በክፍል ሙቀት ደካማ ነው፤ ጉልበቱ አብዛኛው ወደ ሙቀት ይሄዳል። በፈሳሽ ናይትሮጅን ሲቀዘቅዝ ግን ያለ ምንም ዶፓንት በደንብ ያበራል። ይህ በጣም ደስ የሚለኝ እውነታ ነው። ክሪስታሉ ብርሃን የመስጠት አቅም እንዳለውና የሚከለክለው ሙቀቱ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል።

የፊዚክስ ሊቁ ሮበርት ሆፍስታተር ታሊየምን ከሶዲየም አዮዳይድ ጋር ያጣመረው በ1948 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የዘርፉ ታሪክ በአብዛኛው እናት ክሪስታልንና ዶፓንትን የማጋባት ታሪክ ነው።

የዶፓንቶቹ ባሕርይ

ታሊየም ብዙ ብርሃን ይሰጣል፣ ዋጋውም አይከብድም። ግን ዘገምተኛ ነው። በሶዲየም አዮዳይድ ውስጥ 230 ናኖሰከንድ ገደማ፣ በሲዚየም አዮዳይድ ውስጥ ደግሞ 1 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይወስዳል። በሲዚየም አዮዳይድ ውስጥ ሌላም ችግር አለበት፤ ቅሪት ብርሃኑ ከባድ ነው። ኤሌክትሮኖች ክሪስታሉ ውስጥ ባሉ ወጥመዶች ተይዘው ቆይተው ስለሚለቀቁ፣ ዋናው ብልጭታ ካለፈ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፎቶኖች ይንጠባጠባሉ።

እዚህ ላይ ሶዲየም አማራጭ ሆኖ ይመጣል። ሲዚየም አዮዳይድ በታሊየም ፋንታ ሶዲየም ቢገባበት ብርሃኑ ወደ 420 ናኖሜትር ይመጣል፤ መጠኑ ትንሽ ይቀንሳል፣ ቅሪቱ ግን በጣም ይቀላል። በኦክ ሪጅ የሚካሄደው የኮኸረንት ሙከራ በ2017 ኒውትሪኖዎች ከአቶም ኒውክሊየስ ጋር ባንድነት ሲጋጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቱን አስታወቀ። የተጠቀመው 14.6 ኪሎግራም የሚመዝን፣ ሶዲየም የገባበት ሲዚየም አዮዳይድ ነበር። የሚፈለገው ምልክት ጥቂት ፎቶኖች ብቻ ነው። ከኋላ የሚንጠባጠበው ብርሃን ያንን ምልክት ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ብዙ ብርሃን የሚሰጠው ታሊየም ቀርቶ ንጹህ ጨለማ የሚሰጠው ሶዲየም ተመረጠ።

ሴሪየም ግን ሌላ ዓለም ነው። ሴሪየም 3+ ፎቶን የሚለቀው ኤሌክትሮኑ 5ዲ ከሚባለው ደረጃ ወደ 4ኤፍ ሲወርድ ነው። ይህ ሽግግር በኳንተም ሕግ የተፈቀደ ስለሆነ ፈጣን ነው። በአብዛኛው ከ15 እስከ 100 ናኖሰከንድ ባለው ውስጥ ያልቃል።

የሴሪየም ሌላው ጠባይ ቀለሙ እንደሚገባበት ክሪስታል መቀያየሩ ነው። 5ዲ ደረጃው ለጎረቤት አቶሞች የተጋለጠ ነው። ጎረቤቶቹ ሲጫኑት ይወርዳል፤ ሲወርድ ብርሃኑ ወደ ቢጫው ይሄዳል። በላንታነም ብሮማይድ ውስጥ 380 ናኖሜትር አካባቢ ያበራል። በሉቴሺየም ኦክሲኦርቶሲሊኬት፣ ባጭሩ ኤልኤስኦ፣ 420 ናኖሜትር ይሆናል። ያግ በሚባለው ጋርኔት ውስጥ 550 ናኖሜትር ይደርሳል። ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ውስጥ ሰማያዊውን ብርሃን ወደ ቢጫ የሚቀይረውም ይኸው ሴሪየም የገባበት ያግ ነው።

ግን ሴሪየም ሁሉም ቦታ አይሠራም። የ5ዲ ደረጃው ከእናት ክሪስታሉ የላይኛው ባንድ (ኤሌክትሮኖች በነጻነት ከሚንቀሳቀሱበት ደረጃ) ጋር ከተጠጋጋ ወይም ውስጡ ከገባ፣ ኤሌክትሮኑ ፎቶን ሳይለቅ ያመልጣል። ጋዶሊኒየም ጋሊየም ጋርኔት ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሴሪየም ቢገባበትም አያበራም። ከጋሊየሙ ከፊሉ በአሉሚኒየም ሲተካ ግን ጋግ የሚባለው ክሪስታል ይወጣል፤ እሱ ደግሞ ከ45,000 በላይ ፎቶኖች ይሰጣል። ዶፓንቱ ያው ሴሪየም ነው፤ የተቀየረው ቤቱ ነው። ስለዚህ "ሴሪየም ጥሩ ነው" የሚል ምክር ብቻውን ትርጉም የለውም። በምን ውስጥ?

ዩሮፒየም ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ዩሮፒየም 2+ በጣም ብዙ ብርሃን ይሰጣል፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ 1 ማይክሮሰከንድ አካባቢ ይወስዳል። ስትሮንሺየም አዮዳይድ ውስጥ ሲገባ 80,000 እና ከዚያም በላይ ፎቶኖች ይደርሳል። ነገር ግን የራሱን ብርሃን መልሶ ይውጣል። አንዱ ዩሮፒየም የለቀቀውን ፎቶን ሌላው ይይዘዋል፣ እንደገና ይለቀዋል። ክሪስታሉ ትልቅ በሆነ ቁጥር ይህ ይደጋገማል፣ ብልጭታውም ይረዝማል። በትንሽ ናሙና የተለካ ውጤት አይቶ ትልቅ ክሪስታል ማዘዝ የሚያስከፋው በዚህ ምክንያት ነው። ደግሞ ቫለንሱን (2+ ወይስ 3+ መሆኑን) አጣሩ። ዩሮፒየም 3+ ከሆነ ብርሃኑ ቀይ ነው፣ ፍጥነቱም ወደ ሚሊሰከንድ ይወርዳል።

ፕራሲዮዲሚየምና ተርቢየምን በአንድ ምሳሌ ልለፍ። ጋዶሊኒየም ኦክሲሰልፋይድ የሚባል ቁስ አለ። ተርቢየም ሲገባበት ደማቅ አረንጓዴ ይሆናል፤ ለራጅ ፊልም ማጉያ ሰሌዳዎች ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። ግን የመክሰሚያ ጊዜው ወደ ሚሊሰከንድ ይጠጋል። ለአንድ የቆመ ምስል ምንም ችግር የለውም። ሲቲ ስካነር ግን በሽተኛውን እየዞረ በሰከንድ በሺህ የሚቆጠሩ ንባቦች ይወስዳል፤ ያለፈው ንባብ ብርሃን ከሚቀጥለው ጋር ይደበላለቃል። ስለዚህ እዚያ ፕራሲዮዲሚየም ይገባል። 3 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው፤ ቅሪቱን ለመቀነስም ጥቂት ሴሪየም ይጨመርበታል።

ምን ያህል ይግባ?

ማር ሲበዛ ይመራል። ዶፓንትም እንዲሁ ነው።

ትንሽ ከሆነ ጥንዶቹ ማዕከል ሳያገኙ ይቀራሉ። እየጨመሩ ሲሄዱ ብርሃኑ ይጨምራል። ከአንድ ወሰን በኋላ ግን መውረድ ይጀምራል። ዶፓንቶቹ ሲቀራረቡ ጉልበቱን እርስ በርስ ይቀባበላሉ፤ በመጨረሻ አንዱ ጉድለት ዘንድ ይደርስና በሙቀት ይጠፋል። የራስን ብርሃን መዋጥም አብሮ ያድጋል።

ወሰኑ የት ነው? መልሱ ከእናት ክሪስታሉ ጋር ይለያያል፤ ዋናው ምክንያት መጠን ነው። የአዮኖቹን ራዲየስ በተመሳሳይ መለኪያ ብናወዳድር ሴሪየም 3+ ወደ 1.14 አንግስትሮም፣ ላንታነም 1.16፣ ይትሪየም 1.02፣ ሉቴሺየም ደግሞ 0.98 ነው። ሴሪየም የላንታነምን ቦታ እንደ ራሱ ቤት ይገባበታል። በላንታነም ብሮማይድ ውስጥ 5 ከመቶ ሴሪየም የተለመደ ነው። እንዲያውም ላንታነሙን ሙሉ በሙሉ በሴሪየም መተካት ይቻላል፤ ያኔ ሴሪየም ብሮማይድ ይሆናል፣ እሱም ግሩም ሲንቲሌተር ነው። በሉቴሺየም ጋርኔት ውስጥ ግን ሴሪየም ግዙፍ እንግዳ ነው። ከ1 ከመቶ በታች ገብቶ ይቆማል።

ይህ የመጠን አለመመጣጠን ሌላ መዘዝ አለው። ክሪስታሉ ከቀለጠ ቁስ ውስጥ ሲያድግ እንግዳውን አቶም ይገፋዋል። በያግ ውስጥ ክሪስታሉ የሚቀበለው ሴሪየም በቀለጠው ውስጥ ካለው አንድ አስረኛ ገደማ ነው። የተገፋው በቀለጠው ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ መጀመሪያ ያደገው ጫፍ ሴሪየሙ ያነሰ፣ መጨረሻ ያደገው የበዛ ይሆናል። ከአንድ ያደገ የክሪስታል ግንድ የተቆረጡ ሁለት ክሪስታሎች የተለያየ ብርሃን ቢሰጡ ሻጩ አታለለ ማለት ላይሆን ይችላል። ከየትኛው የግንዱ ክፍል እንደተቆረጡ ግን የመጠየቅ መብት አላችሁ።

ለጋማ ስፔክትረም፦ ሶዲየም አዮዳይድ ወይስ ላንታነም ብሮማይድ?

በዚህ ክፍል ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ስለሆነ።

ዓላማችን የጋማ ጨረሮችን በጉልበታቸው መለየት ነው እንበል። የተለመደው መፈተኛ የሲዚየም 137 ጨረር ነው፤ 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት። ሶዲየም አዮዳይድ በዚህ ጉልበት ወደ 25,000 ፎቶኖች ይሰጣል። ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይረው ፎቶማልቲፕላየር ቲዩብ ከአራት አንዱን ቢይዝ 6,300 ገደማ ኤሌክትሮኖች እናገኛለን። በስታትስቲክስ ብቻ ብናሰላ የፒኩ (ጨረሩ በስፔክትረሙ ላይ የሚፈጥረው ጉብታ) ስፋት 3 ከመቶ መሆን ነበረበት፤ ጠባብ ሲሆን ይሻላል። በተግባር የሚለካው ግን ከ6.5 እስከ 7 ከመቶ ነው።

ልዩነቱ የፎቶን እጥረት አይደለም። ሶዲየም አዮዳይድ ለአነስተኛና ለከፍተኛ ጉልበት እኩል አይመልስም። ጉልበቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ልክ ሁለት እጥፍ አይሆንም። አንድ ጋማ ጨረር ክሪስታሉ ውስጥ ጉልበቱን በተለያየ መንገድ ስለሚከፋፍል፣ ይህ አለመመጣጠን ፒኩን ያሰፋዋል። ብርሃኑን ብቻ ብንጨምር ችግሩ አይፈታም።

ላንታነም ብሮማይድ ከሴሪየም ጋር በ2001 ከኔዘርላንድሱ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ትልቅ እመርታ የሆነው ለዚህ ነው። 63,000 ፎቶኖች፣ 16 ናኖሰከንድ፣ 3 ከመቶ የሚጠጋ ስፋት። የሚበልጠው በብርሃን ብቻ ሳይሆን በተመጣጣኝነቱም ነው። በኋላ ደግሞ ትንሽ ስትሮንሺየም እንደ ሁለተኛ ዶፓንት ሲጨመርበት ስፋቱ ወደ 2 ከመቶ ወረደ። ስትሮንሺየም ራሱ አያበራም። የሚሠራው ተመጣጣኝነቱን ማሻሻል ነው። ይህን ካየሁ በኋላ ሁለተኛ ዶፓንትን እንደ ተጨማሪ ጌጥ ማየት አቁሜያለሁ።

ላንታነም ብሮማይድ ግን እንከን አለው። በተፈጥሮ ላንታነም ውስጥ ራዲዮአክቲቭ የሆነ ላንታነም 138 አለ፤ በ1,436 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የራሱን መስመር ስፔክትረሙ ላይ ይተክላል። ደካማ ምንጭ ለረጅም ሰዓት የምትለኩ ከሆነ ሴሪየም ብሮማይድን አስቡ። የጉልበት ጥራቱ በትንሹ ያንሳል፤ የላንታነሙ ጫጫታ ግን የለበትም። ስትሮንሺየም አዮዳይድ ከዩሮፒየም ጋር ደግሞ ከ3 ከመቶ በታች ይደርሳል። ሆፍስታተር ፓተንቱን ያገኘው በ1968 ነበር፤ ከዚያ ተረስቶ ከ2008 ወዲህ እንደገና ተነሳ። ዘገምተኛ ስለሆነ ብዙ ቆጠራ ለሚጎርፍበት ቦታ አይመችም። አራቱም እርጥበት ስለሚስቡ በታሸገ መያዣ ውስጥ መኖር አለባቸው።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። የምትፈልጉት ጨረር መኖሩን ማወቅና የተለመዱ ምንጮችን መለየት ከሆነ፣ ታሊየም ያለበት ሶዲየም አዮዳይድ ይበቃል፤ ትልቅም ሆኖ ይገኛል፣ ርካሽም ነው። መስመሮቹ ተጠጋግተው የሚያደናግሩ ከሆነ ብቻ ወደ ላንታነም ብሮማይድ ውጡ።

ለፔት ስካነር፦ ዶፓንት የሌለው ቢጂኦ ወይስ ሴሪየም ያለበት ኤልኤስኦ?

ቢስመዝ ጀርማኔት፣ ቢጂኦ፣ ዶፓንት አያስፈልገውም። ቢስመዙ ራሱ ያበራል። እፍጋቱ በኩብ ሴንቲሜትር 7.13 ግራም ነው። ጋማን በማቆም የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ግን ብርሃኑ 8,000 ገደማ ብቻ ነው፤ 300 ናኖሰከንድም ይወስዳል። ለዓመታት የፔት ስካነሮች (ሰውነት ውስጥ ከገባ ራዲዮአክቲቭ ቁስ የሚነሳውን ጨረር አይተው ምስል የሚሠሩ የሕክምና መሣሪያዎች) ልብ የነበረው እሱ ነው።

ኤልኤስኦ ከሴሪየም ጋር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በቻርልስ መልቸር ሥራ ሲታወቅ ሚዛኑ ተገለበጠ። እፍጋቱ 7.4፣ ብርሃኑ 30,000 ገደማ፣ ጊዜው 40 ናኖሰከንድ። በፔት ውስጥ ሁለት ባለ 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የጋማ ፎቶኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወጣሉ። የሚደርሱበትን የጊዜ ልዩነት በትክክል መለካት ከቻልን፣ ከመስመሩ ላይ የት እንደተነሱ መገመት እንችላለን። የጊዜ ስህተቱ 500 ፒኮሰከንድ ከሆነ የቦታው ስህተት 7.5 ሴንቲሜትር ነው። 200 ፒኮሰከንድ ከሆነ 3 ሴንቲሜትር ይሆናል። ቢጂኦ በብልጭታው ብቻ እዚህ መድረስ ይከብደዋል። ለዚህ ሥራ ወሳኙ አጠቃላይ የፎቶን ቁጥር አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ፒኮሰከንዶች ስንት የብልጭታ ፎቶን ወጣ የሚለው ነው።

ኤልኤስኦም ሆነ ይትሪየም የተቀላቀለበት ወንድሙ ኤልዋይኤስኦ ከውስጣቸው ራዲዮአክቲቭ ናቸው። ከተፈጥሮ ሉቴሺየም 2.6 ከመቶው ሉቴሺየም 176 ነው። አንድ ግራም ኤልኤስኦ በየሰከንዱ 40 ገደማ ጊዜ በራሱ ይቆጥራል። ምንም ምንጭ ሳይቀርብ ቆጣሪው ሲሮጥ አይታችሁ መሣሪያው ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ሁለቱን ፎቶኖች አጣምሮ ለሚያይ ፔት ይህ ብዙ አይጎዳም። ደካማ የአካባቢ ጨረር ለመለካት ግን አይሆንም።

ለእንዲህ ያለው ሥራ ጋግን እመርጣለሁ። እፍጋቱ 6.6 ገደማ ነው፤ ከራሱ ጨረር የለውም፤ እርጥበት አይፈራም፤ በእጅ ይዛችሁት ትሠራላችሁ። ለጀማሪ ቤተ ሙከራ ከዚህ የሚመች ብዙ አላየሁም።

ዶፓንት ብርሃን ለመቀነስ ሲገባ

ይህኛው ወገን ብዙ አይወራለትም።

ባሪየም ፍሎራይድ ሁለት ብልጭታ አለው። አንዱ 220 ናኖሜትር አካባቢ ሆኖ ከ1 ናኖሰከንድ በታች ያልቃል። ሌላው 310 ናኖሜትር አካባቢ ሆኖ 600 ናኖሰከንድ ገደማ ይጎተታል። የመጀመሪያውን የሚፈልግ ሰው ሁለተኛው ያስቸግረዋል። ይትሪየም ሲጨመር ዘገምተኛው ብርሃን በብዙ ይቀንሳል፤ ፈጣኙ ግን ባለበት ይቆያል። ጠቅላላው ብርሃን አነሰ፣ ክሪስታሉ ግን ተሻለ።

በሰርን የሲኤምኤስ መሣሪያ ውስጥ 75,848 የሊድ ታንግስቴት ክሪስታሎች አሉ። ቁሱ በ1 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት የሚሰጠው ከጥቂት መቶ ያልበለጠ ፎቶን ነው። ከሶዲየም አዮዳይድ ጋር ቢወዳደር የለም ማለት ይቻላል። የተመረጠው በእፍጋቱና በፍጥነቱ ነው። በዝግጅቱ ወቅት እንደ ይትሪየምና ናይኦቢየም ያሉ ዶፓንቶች የገቡት ብርሃን ለመጨመር ሳይሆን፣ ክሪስታሉ ለዓመታት ጨረር ሲወርድበት እንዳይጠቁር ነው።

በጋግ ውስጥ ማግኒዥየም፣ በኤልኤስኦ ውስጥ ካልሲየም የሚሠሩት ሥራም ከዚህ ጋር ይዛመዳል። ሁለቱም ባለ 2+ ናቸው፤ የሚገቡት ግን በባለ 3+ ቦታ ነው። የጎደለውን ቻርጅ ለማካካስ ከሴሪየሙ ከፊሉ 4+ ይሆናል። ሴሪየም 4+ ኤሌክትሮንን ከወጥመዶቹ ቀድሞ ይይዛል። ውጤቱ ፈጣን ብልጭታና አነስተኛ ቅሪት ነው። በጋግ ውስጥ ከዚህ ጋር ብርሃኑ ይቀንሳል፤ በኤልኤስኦ ውስጥ ግን በልኩ ሲገባ ብርሃኑም ሊጨምር ይችላል። ያው ብልሃት በሁለት ቤት ሁለት መልስ ይሰጣል።

ብርሃኑን ማን ነው የሚያየው?

ከመግዛታችሁ በፊት ዲቴክተራችሁን እዩ። የተለመደው ፎቶማልቲፕላየር ቲዩብ ጎበዝ የሚሆነው 400 ናኖሜትር አካባቢ ነው። 550 ላይ በጣም ይደክማል። ስለዚህ ታሊየም ያለበት ሲዚየም አዮዳይድ ከሶዲየም አዮዳይድ የበለጠ ፎቶን እየሰጠ፣ በዚህ ቲዩብ ላይ ሲለካ ግማሹን ያህል ምልክት ብቻ ይሰጣል። በሲሊከን ፎቶዳዮድ ላይ ሲቀመጥ ግን ይገለበጣል። ሲሊከን አረንጓዴና ቢጫን ይወዳል። ፕራሲዮዲሚየም ያለበት የሉቴሺየም ጋርኔት 20 ናኖሰከንድ ገደማ የሚፈጅ ፈጣን ክሪስታል ነው፤ ብርሃኑ ግን 310 ናኖሜትር ስለሆነ አልትራቫዮሌት የሚያይ ዲቴክተር ከሌላችሁ ገንዘባችሁ ባከነ።

አልፋ ብቻ ለምትቆጥሩ ብር የገባበት ዚንክ ሰልፋይድ ዱቄት ስስ ተቀብቶ ይበቃል። ለቤታ ደግሞ ዩሮፒየም ያለበት ካልሲየም ፍሎራይድ ጥሩ ነው፤ ቀላል አቶሞች ስላሉት ኤሌክትሮኖቹን ብዙ ወደ ኋላ አይመልስም።

ክሪስታሉ እጃችሁ ሲገባ አንድ ፈተና አድርጉ። የሲዚየም 137 ምንጭን መጀመሪያ በአንዱ ጫፍ፣ ከዚያ መሃል ላይ፣ ከዚያ በሌላው ጫፍ አስጠግታችሁ የ662ቱ ፒክ የት እንደሚያርፍ መዝግቡ። ፒኩ ከተንሸራተተ ክሪስታሉን ገልብጣችሁ ከዲቴክተሩ ጋር እንደገና አጣብቁና ድገሙት። አቅጣጫው ከክሪስታሉ ጋር አብሮ ከዞረ ዶፓንቱ ባልተስተካከለ መንገድ ተሰራጭቷል ማለት ነው። ካልዞረ ጥፋቱ በማጣበቂያው ወይም በመጠቅለያው ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ በአንድ ከሰዓት ታስተካክሉታላችሁ።